የሟች አባታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ፦ ቅጹ ላይ ወራሽ ተብሎ የተጻፈው አጎታችን ነው

የዘጌው ልጅ (ጠያቂ)

ለመድረኩ አባላት የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በቤተሰባችን መካከል ቅሬታ ሳይፈጥር እንዲያልቅ የምመኘውን አንድ ጉዳይ እንድታማክሩኝ እጠይቃለሁ። አባታችን ባለፈው ጥር ወር በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤታችን አርፈው፣ እንደ ፈቃዳቸው በትውልድ ቦታቸው በዘጌ ተቀብረዋል። ኑዛዜ አልተዉም። እስከ መጨረሻው የሠሩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ነበሩ፤ ቁጠባቸውም በየወሩ ከደመወዛቸው ይቆረጥ ነበር።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ከእናቴ ጋር ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደን የሒሳብ መግለጫ ወሰድን። መግለጫው መደበኛ ቁጠባ 148,000 ብር፣ የፍላጎት ቁጠባ 37,000 ብር፣ ዕጣ (በማኅበሩ ውስጥ ያላቸው የአክሲዮን ድርሻ) 15,000 ብር፣ ያልተከፈለ ቀሪ ብድር 64,000 ብር ይላል። ብድሩን የወሰዱት የቤታችንን ጣሪያ ለማሳደስ ነው፤ ዋስ የሆኑት ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከየካቲት ወር ጀምሮ ከእነዚህ ሰዎች ደመወዝ ላይ የብድሩ ወርኃዊ ክፍያ እየተቆረጠ መሆኑን የሰማነው ከሌላ ሰው ነው፤ እነሱ ራሳቸው ሐዘናችንን አክብረው አንድም ቃል አልተናገሩም። እናቴን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ይህ ነው።

ያላሰብነው ነገር የገጠመን የአባልነት ቅጹን ባየን ጊዜ ነው። በሞት ጊዜ ወራሽ የሚሆነው ማን እንደሆነ በሚጠይቀው መስመር ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የአባታችን ታናሽ ወንድም ስም ሰፍሯል። ቅጹ የተሞላው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን አባቴ እናቴን ያገቡት በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ቅጹን የነካው ሰው ያለ አይመስልም። አጎቴ በዘጌ ቡና እያለማ የሚኖር፣ በሰው ገንዘብ የማይጠረጠር ሰው ነው፤ ነገሩን ስንነግረው «የወንድሜ ልጆች እያሉ እኔ ምን አግብቶኝ» ብሎ መለሰልን። ሆኖም አንዳንድ ዘመዶች የሟች ጽሑፍ መከበር አለበት እያሉ ነው። በማኅበሩ ቢሮም አንዱ ሠራተኛ ገንዘቡ የሚከፈለው ቅጹ ላይ ላለው ሰው ነው ሲለን፣ ሌላው ደግሞ የፍርድ ቤት ማስረጃ አምጡ ብሎናል።

ከእናቴ የተወለድነው ሦስት ነን፤ የመጨረሻው ወንድሜ ዕድሜው 14 ዓመት ነው። ከዚህ ሌላ አባቴ ከጋብቻቸው በፊት የወለዷት፣ በመራዊ የምትኖር ታላቅ እህት አለችን። እናቴ «እሷን ትታችሁ አንዲት ሳንቲም እንዳትነኩ» ብላናለች። ስለዚህ የቅጹ ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ አለው? የእናቴ ድርሻ ስንት ነው? ብድሩና ዋሶቹስ እንዴት ይሆናሉ? የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሕግ ባለሙያ ከግሽ ዓባይ

ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእናትዎና ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይስጥልን።

ወንድሜ፣ ወራሹ ማን ነው ወደሚለው ከመድረስዎ በፊት፣ በመግለጫው ላይ ከሰፈረው ገንዘብ ውስጥ የአባትዎ የሆነው የትኛው ነው የሚለው መለየት አለበት። በውርስ ጉዳይ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ስመለከት፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠቡ ምክንያት ይህ ሳይለይ ወደ ክፍፍል መገባቱ ነው። ሒሳቡ በአባትዎ ስም ብቻ ስለተከፈተ ገንዘቡ ሁሉ የአባትዎ ነው ማለት አይደለም። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በጋብቻቸው ዘመን ያፈሩትን ሀብት፣ ደመወዛቸውንም ጨምሮ፣ የጋራ ያደርገዋል፤ የግል ነው የሚል ወገን ካለ የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው። ስለዚህ ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ከደመወዝ እየተቆረጠ የተጠራቀመው ቁጠባ እኩሌታው የእናትዎ ነው። እናትዎ ይህን የሚወስዱት የራሳቸው ገንዘብ ስለሆነ ነው፤ እየወረሱ አይደለም። እንዲያውም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይሆንም፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ነገር ግን የጋራ ሀብት ድርሻ የሚባለው ነገር የተቀመጠው ከውርሱ በፊት ነው።

በጋብቻው ዕለት በሒሳቡ ላይ የነበረው ገንዘብ ደግሞ የአባትዎ የግል ሀብት ነው። ከማኅበሩ የ1993 ዓ.ም. የሒሳብ ካርድ ቅጂ ይጠይቁ። ለምሳሌ ያህል በዚያ ዕለት የነበረው 4,000 ብር ነው እንበል። ጠቅላላው 200,000 ብር ነው፤ ብድሩ ለጋራ ቤት ጥቅም የዋለ ስለሆነ የጋራ ዕዳ ነውና 64,000 ብር ሲቀነስ 136,000 ብር ይቀራል። ከዚህ የግል የሆነው 4,000 ብር ተለይቶ፣ ቀሪው 132,000 ብር ለሁለት ሲካፈል እናትዎ 66,000 ብር ይወስዳሉ። ውርስ የሚባለው ሌላኛው 66,000 ብርና 4,000 ብሩ፣ በድምሩ 70,000 ብር ብቻ ነው። አራቱ ልጆች እኩል ሲካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ 17,500 ብር ይደርሳል። በመራዊ ያሉት እህትዎ ከጋብቻ ውጭ መወለዳቸው ድርሻቸውን በአንዲት ብር አይቀንሰውም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ሆነው እኩል ይወርሳሉ። እናትዎ የተናገሩት ቃል ከሕጉ ጋር አንድ ነው። እህትዎ ቢዘለሉ እንኳ፣ መብታቸውንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ የውርስ ይገባኛል ክስ ማቅረብ ይችላሉ።

አሁን ወደ ቅጹ ልመለስ። ገንዘብን ከሞት በኋላ ለአንድ ሰው የሚያስተላልፍ ጽሑፍ ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜ ደግሞ ሕጉ ካስቀመጠው አሠራር ውጭ አይጸናም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦ፣ ይኸው መፈጸሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን ያለው ሹም ሆኖ በሥራው ላይ ከተገኘ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ተናዛዡ በእጁ ጽፎ የሚተወው ኑዛዜ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በራሱ እጅ የተጻፈ መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ ቀንና ፊርማ መያዝ ይኖርበታል። የታተመ ቅጽ ላይ በአንዲት መስመር የተሞላ ስም ከሁለቱ አንዱንም አያሟላም። ስለዚህ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ገንዘቡ በቅጹ ላይ ለተጠቀሰው ሰው ይከፈላል ቢል እንኳ፣ ያ ሰው የተቀበለውን ለባለመብቶቹ ማስረከብ አለበት የሚለውን አቋም በፍርድ ቤት ለመከራከር በቂ መሠረት አላችሁ። አጎትዎ እንዲህ ቅን ሰው ከሆኑ ወደዚያ መድረስ አያስፈልግም፤ ከሒሳቡ ላይ የሚጠይቁት ነገር እንደሌለ የሚገልጽ የተረጋገጠ ጽሑፍ ለማኅበሩ ቢሰጡ ይበቃል።

የወራሽነት ማረጋገጫውን የምትጠይቁት አባትዎ ሲሞቱ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት በባሕር ዳር፣ በወረዳው ፍርድ ቤት ነው። አራታችሁም በአንድ ማመልከቻ ቅረቡ፤ እህትዎ መመላለስ ካልቻሉ የተረጋገጠ ውክልና ይስጡ። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልደት ወይም የልጅነት ማስረጃና ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጓችኋል። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ፣ ዘግይቶም ቢሆን ከሁሉ አስቀድማችሁ አስመዝግቡት፤ ያለዚያ ወረቀት የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

የዕድር ሰብሳቢ

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። የሕግ ባለሙያው የጻፉትን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ሕጉን አልቃወምም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር እንዲያልፍ አልፈልግም። አባትህ በ1989 ዓ.ም. የወንድማቸውን ስም ሲጽፉ ሴት ልጃቸው በሕይወት ነበረች። ልጅ እያለቻቸው ወንድማቸውን ከጻፉ፣ ምናልባት ልጅቱን እንዲያሳድግላቸው አደራ ማለታቸው ይሆናል፤ ወይም ወንድማቸው ያበደራቸው ገንዘብ፣ በእርሻውም ላይ ያወጣላቸው ወጪ ሊኖር ይችላል። በእኛ አገር ይህ ሁሉ በወረቀት አይሰፍርም። ቅጹ ኑዛዜ አይደለም ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አጎትህን ቁጭ አድርጋችሁ «ከአባታችን ጋር በመካከላችሁ የነበረ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጨዋ ሰው ሳይጠየቅ አይናገርም።

ዘመዶችህ የቃል ኑዛዜ ነበር ወደሚል ነገር ከሄዱ ደግሞ ለሕግ ባለሙያው ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። አባትህ በሕመማቸው ጊዜ ለሁለት ሰዎች ቃል ሰጥተው ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

የሕግ ባለሙያ ከግሽ ዓባይ

አባቴ፣ ምክርዎ ተገቢ ነው። አጎትየው በእርግጥ ያበደሩት ገንዘብ ካለና ካስረዱ፣ ያ የውርሱ ዕዳ ስለሆነ ከክፍፍሉ በፊት ይከፈላል፤ ወራሽ መሆን ሳያስፈልጋቸው ገንዘባቸውን ያገኛሉ። ዕዳ ባይኖርም ልጆቹ ከደረሳቸው ላይ በፈቃዳቸው ለአጎታቸው ቢሰጡ የሚከለክላቸው የለም።

የቃል ኑዛዜን በተመለከተ፣ በሕጉ የታወቀ ቢሆንም ሊይዝ የሚችለው ነገር እጅግ ጠባብ ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት የሚሰጠው ቃል ስለ ቀብር አፈጻጸም፣ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ሊናገር ይችላል። የዘጌው ቀብር በዚህ መንገድ ሊታዘዝ ይችላል፤ 200,000 ብር ግን አይተላለፍበትም።

የዕድር ሰብሳቢ መሆንዎን ሳይ አንድ ነገር ልጨምር። የቀብር ወጪ በሕጉ ከውርሱ ላይ በቅድሚያ ከሚከፈሉት ዕዳዎች የመጀመሪያው ነው፤ የማጣራቱ ወጪና የሟች ዕዳዎች ይከተላሉ። የተዝካር ወጪ ግን በቀብር ወጪ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለተዝካሩ ከቤተሰቡ አንዱ ያወጣው ገንዘብ ካለ፣ ከማኅበሩ ሒሳብ ላይ ይቆረጥልኝ ለማለት የሌሎቹን ስምምነት ማግኘት አለበት። ዕድሩ ለእናትየው የከፈለው ገንዘብም ቢሆን በሞቱ ምክንያት ለቤተሰቡ የተሰጠ እንጂ ሟች ያፈሩት ባለመሆኑ ወደ ውርሱ መግባት የለበትም።

የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ በሌላ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስለምሠራ፣ በውስጥ በኩል ጉዳዩ እንዴት እንደሚታይ ልንገርዎት። ከላይ የተሠራው ስሌት ቀሪው ብድር በሙሉ ከቁጠባው ላይ ይነሣል በሚል ነው። እኔ ግን ያን ከመቀበልዎ በፊት አንድ ወረቀት እንዲያዩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ብድሩ በተለቀቀበት ቀን የተሠራውን የወጪ ማዘዣ። ብዙ ማኅበራት ብድር ሲሰጡ ከተፈቀደው ገንዘብ ላይ ለብድር መድን ወይም ለብድር ዋስትና ፈንድ ጥቂት ይቆርጣሉ፤ ተበዳሪው ሲሞት ቀሪው ዕዳ ከዚያ እንዲሸፈን ነው። በማዘዣው ላይ የተፈቀደውና በእጅ የተከፈለው ገንዘብ እኩል ካልሆነ፣ ልዩነቱ በምን ስም እንደተቆረጠ ያንብቡ። ከዚያ የማኅበሩን የብድር መመሪያ ይጠይቁና ሽፋኑ ምን እንደሚል ይመልከቱ። የሽፋን ጥያቄ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል በዚህ ላይ አይዘግዩ፤ የፍርድ ቤቱንም ወረቀት አይጠብቁ። የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዘው፣ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጅዎ አስቀርተው፣ ማመልከቻ ያስገቡ።

ስለ ዋሶቹ እናትዎ መጨነቃቸው ይገባኛል። ሟች ከዕዳቸው በላይ ቁጠባ እያላቸው የዋስ ደመወዝ መቁረጥ ልክ አይደለም፤ በእኛ ዘንድ አባል ሲሞት መጀመሪያ የሚታየው መድኑ፣ ቀጥሎ የራሱ ቁጠባ ነው፤ ዋስ የሚጠራው ሁለቱም ካልበቁ ነው። እርግጥ በውሉ ላይ ዋሶቹ በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ለሙሉው ዕዳ ሊጠየቁ፣ የፈረሙ ከሆነ ማኅበሩ በሕግ እነሱን መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ተቆራጩ የሚጀምረው ከወርኃዊ የደመወዝ ዝርዝር ላይ የሟች ስም ሲሰረዝ ክፍያው እንዳይቋረጥ ተብሎ ነው። ስለዚህ ለሥራ አመራሩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ተቆራጩ እንዲቆም፣ የተቆረጠውም እንዲመለስ። ዋሶቹም በራሳቸው ስም ተመሳሳይ ማመልከቻ ቢያስገቡ ይጠነክራል፤ እናንተ ቀርባችሁ ብትነግሯቸው ይሉኝታው ይቀልላቸዋል። ሥራ አመራሩ ካልሰማ ለቁጥጥር ኮሚቴው፣ ከዚያም ለከተማው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት በማኅበርና በአባላት መካከል የሚነሣ አለመግባባት ከፍርድ ቤት በፊት በዕርቅና በግልግል የሚታይበት መንገድ አለ፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

ዕጣው ከቁጠባው የተለየ ነገር ነው። ከወራሾቹ አንዱ ለአባልነት የሚበቃ ከሆነ በስሙ እንዲዛወርለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ካልሆነ ዋጋው በገንዘብ ይከፈላል። ዕጣ የትርፍ ድርሻ እንደሚያስገኝ ደግሞ አይርሱ። አባትዎ ያረፉት በጥር ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። እስከ ሞቱ ድረስ ያለው የዚህ ዓመት ትርፍ ድርሻ የሚታወቀው ሒሳቡ ኦዲት ተደርጎ ጠቅላላ ጉባኤው ካጸደቀው በኋላ ነው። ገንዘቡን ስትቀበሉ ከማኅበሩ ላይ ምንም ቀሪ ሒሳብ የለንም የሚል ጽሑፍ ከቀረበላችሁ፣ የትርፍ ድርሻው ሳይጨምር የሚል ሐረግ አስገብታችሁ ፈርሙ።

የቁጠባ ደብተሩንም ከመግለጫው ጋር ያስተያዩ። በየገጹ ያለው የገቢ ልክ ከካርዱ ጋር መግጠም አለበት። በተለይ የደመወዝ ጭማሪ የተደረገባቸውን ዓመታት ይመልከቱ፤ መደበኛ ቁጠባ በደመወዝ መቶኛ የሚቆረጥ ከሆነ ስሕተት ሲኖር የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ባለቤቷን ያጣች

ወንድሜ፣ እናትዎን አይዞሽ ይበሉልኝ። የባለቤቴን ሒሳብ በዚሁ በባሕር ዳር የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ ያልተነሣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የእናትዎን የጋራ ሀብት ድርሻ ለማስከበር ጋብቻው መረጋገጥ አለበት። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ወይም በባህል ተፈጽሞ በክብር መዝገብ ካልተመዘገበ፣ እናንተ የወራሽነቱን ማረጋገጫ ስትጠይቁ እናትዎም የሚስትነት ማረጋገጫቸውን በዚያው ጊዜ ይጠይቁ። ምስክሮቹ አንድ ዓይነት ሰዎች ስለሆኑ ሁለት ጊዜ ማመላለስ አያስፈልግም፤ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ሽማግሌ ካለ ደግሞ ለእሱም ትልቅ ዕረፍት ነው።

የጡረታውን ነገር ከዚህ ጋር እንዳያያይዙት። የተተኪ ጡረታ የሚጠየቀው በመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል በኩል ነው፤ ለእናትዎና ለታናሽ ወንድምዎ በራሳቸው መብት የሚከፈል እንጂ የውርስ ገንዘብ አይደለም። አጎትም ሆነ ሌላ ዘመድ፣ ትልልቆቹ ልጆችም ቢሆኑ አይካፈሉትም። የማኅበሩ ሒሳብ እስኪያልቅ ብላችሁ አታዘግዩት።

የዘጌው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዕድር ሰብሳቢው እንደመከሩኝ አጎቴን ጠየቅነው። በእርግጥም ታላቅ እህታችን ሕፃን ሳለች ለሁለት ዓመት ያህል በዘጌ በእሱ ቤት እንዳደገች፣ አባቴም ስሙን የጻፉት «እኔ አንድ ነገር ብሆን ልጄን አንተ ታያታለህ» ብለው እንደሆነ ነገረን። ገንዘብ ግን አልተበዳደሩም። ለማኅበሩ የሚሰጠውን ጽሑፍ እፈርማለሁ ብሏል፤ እህታችንም ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

የሒሳብ ሠራተኛው የጠቆሙንን የወጪ ማዘዣም አገኘነው። የተፈቀደው ብድር 120,000 ብር ሲሆን በእጅ የተከፈላቸው 118,800 ብር ነው፤ የ1,200 ብሩ ልዩነት «ለብድር ዋስትና ፈንድ» ይላል። መመሪያው ተበዳሪ ሲሞት ውዝፍ ከሌለበት ቀሪው ብድር በፈንዱ እንደሚሸፈን ይናገራል፤ አባቴ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ውዝፍ አልነበረባቸውም። ማመልከቻውን አስገብተን ቅጂውን በማኅተም ተቀብለናል፤ ዋሶቹም የየራሳቸውን አስገብተዋል። የ1993ቱ ካርድ ላይ በጋብቻው ወር የነበረው ቁጠባ 4,000 ብር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ገና 14 ዓመቱ ስለሆነ ድርሻውን ማን ይቀበልለታል? እናቴ ፈርማ ብትወስድለት ችግር አለው?

የሕግ ባለሙያ ከግሽ ዓባይ

ፈንዱ ዕዳውን ከሸፈነው ስሌቱ ይለወጣል። በ4,000 ብሩ ምሳሌ እንቀጥልና፣ ከ200,000 ብር ላይ እሱ ሲለይ 196,000 ብር ይሆናል፤ የእናትዎ ድርሻ 98,000 ብር፣ ውርሱ 102,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ 25,500 ብር ነው። ስለዚህ የፈንዱ ውሳኔ በጽሑፍ እስኪሰጣችሁ ድረስ የክፍፍል ስምምነት አትፈርሙ።

ታናሽ ወንድምዎን በተመለከተ፣ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ በሕጉ መሠረት ብቻውን አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ማኅበሩ ይህን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ከወራሽነቱ ጋር አብራችሁ ጠይቁ። በዚህ ቦታ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። እናትዎ በዚህ ክፍፍል ውስጥ የራሳቸውን እኩሌታ የሚወስዱ ወገን ናቸው፤ የጋራው ስንት፣ የግሉ ስንት በሚለው ላይ የእሳቸውና የልጁ ጥቅም በአንድ ሚዛን ላይ በተቃራኒ ይቀመጣል። እናትዎን የሚጠራጠር ሰው ባይኖርም፣ ልጁ አድጎ ሰነዱን ሲያነብ ክፍተት እንዳያገኝበት፣ ለክፍፍሉ ብቻ ሌላ ሰው እንዲወክለው ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይሻላል። ከሒሳቡ ላይ ምንም እንደማይጠይቁ የሚፈርሙት አጎትዎ ለዚህ የተገቡ ሰው ናቸው፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውን በማመልከቻው ላይ አቅርቡ።

25,500 ብሩ ደግሞ በእናትዎ ሒሳብ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በልጁ ስም በሚከፈት ሒሳብ ይቀመጥ። ፍርድ ቤቱ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ገንዘቡ ያለ ትእዛዝ እንዳይወጣ ሊያዝ ይችላል፤ ለትምህርቱ ወይም ለሕክምናው የሚያስፈልግ ሲሆን ሞግዚቱ ምክንያቱን ገልጦ ያስፈቅዳል። ማኅበራችሁ የልጆች ቁጠባ የሚቀበል ከሆነም ከዚያው ሳይወጣ ወደ ልጁ ስም ሊዛወር ይችላል።

የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ

በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ፣ የትርፍ ድርሻውም ከኦዲቱ በኋላ ሲከፈል የልጁ አንድ አራተኛ ወደዚያው ሒሳብ እንዲገባ አሁኑኑ በደብዳቤው ላይ አስጽፉ። ገንዘቡ የሚለቀቀው ከወራት በኋላ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ በቢሮው የሚገኘው ሠራተኛ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።